የኋላ ፍሬን ቸርኬው ላይ አልደርስ አለኝ

ፔዳል_ፒያሳ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የድሮ ብረት ቴላዮ (አካል) ያለው ኮርስ ሳይክል ላይ የ27 ኢንች ቸርኬውን አውጥቼ 700ሲ ገጠምኩ። አሁን የኋላው ፍሬን ላስቲክ እስከ መጨረሻው ዝቅ ብሎም ግማሹ ጎማውን ይነካል። የገዛሁት ሌላ ፍሬን ደግሞ ብሎኑ አጭር፣ ዳዶው እንደ ቱቦ የረዘመ ነው፤ ቴላዮው ላይ ባለው የ6 ሚሜ ፍሬን ማሰሪያ ቀዳዳ ውስጥ አይገባም። በያጁ የዲስክ ፍሬን መያዣ ልበይድልህ ይለኛል። በቸርችል ወደ ለገሃር በየቀኑ እወርዳለሁ፤ ምን ይሻለኛል?

ብሩጎላ_5፦
ዲስኩን ተወው ወንድሜ። ከኮርቻው ስር ወደ ኋላ የሚወርዱት ቀጫጭን ቧንቧዎች የተሠሩት ላይ ያለውን፣ ፍሬኑ የሚታሰርበትን አግዳሚ የሚጎትት ፍሬን እንዲችሉ ነው። ዲስክ ጉልበቱን በሙሉ በግራው ቧንቧ ታች ላይ ያሳርፋል፤ የብየዳው ሙቀት ያደከመው እዚያው ስለሆነ የሚሰነጠቀውም እዚያው ነው። ሃቡም (የቸርኬው መሃል) ዲስክ የሚታሰርበት መሆን አለበት።
ላስቲኩ ያልደረሰው 27 ኢንች 630፣ 700ሲ 622 ሚሜ ስለሆነ ነው፤ ቸርኬው 4 ሚሜ ወደ ታች ወርዷል። ከአግዳሚው ቀዳዳ መሃል ላስቲኩ እስከሚያርፍበት የቸርኬ ጠርዝ መሃል ለካና ንገረን።

ፔዳል_ፒያሳ፦
54 ሚሜ።

ብሩጎላ_5፦
እንግዲያው ክንዱ ከ47 እስከ 57 ሚሜ የሚደርስ ፍሬን ነው የሚያስፈልግህ። ከ39 እስከ 49 የሚለው አይበቃህም። የገዛኸው ላይ ያለውን ለካ፤ ካልሆነ ቀይረው።

ሞረድ፦
ቀዳዳውን በተመለከተ፣ ከመሰርሰርህ በፊት አንድ ነገር ሞክር። የዚህ ዓይነት ፍሬን የፊቱ ብሎን ከኋላው ይረዝማል። ፊትና ኋላ ከገዛህ የፊቱን ከኋላ አግባና ላስቲክ ባለው የ6 ሚሜ ዳዶ እሰረው። ቢያንስ ስድስት ጥርስ መያዝ አለበት። የተረፈው አጭሩ ደግሞ ፊት ለፊት ይገባል፤ የሹካውን ራስ ከጀርባው ብቻ ወደ 8 ሚሜ አስፋው።
የኋላውን አግዳሚ ራሱን ካሰፋህም እንዲሁ በፍሬኑ በኩል ያለውን ግድግዳ ሳይሆን ዳዶው የሚገባበትን ብቻ ነው። ፑንታው ላይ ቴፕ ጠምጥመህ ጥልቀቱን ምልክት አድርግ፤ በ7 ጀምረህ በ8 ጨርስ። ሁለቱንም ግድግዳ 8 ካደረግኸው የ6 ሚሜው ብሎን በሰፋው ቀዳዳ ውስጥ እየተንቀሳቀሰ ፍሬኑ ሁሌ ይላላል። ካርቦን ከሆነ ግን መሰርሰሪያ አታስጠጋ።

ካቦ_ነጋ፦
ሮንዴላውን አትርሱ። አግዳሚው ክብ ስለሆነ ከፊትም ከኋላም አንድ ጎኑ ጎድጎድ ያለ ሮንዴላ ይገባል። ጠፍጣፋ ካደረግህ ፍሬኑ በያዝከው ቁጥር ወደ ጎን ይዞራል። ምናለሽ ተራ ከተፈታ ፍሬን ጋር ይገኛል፤ ለይተህ ጠይቅ። ስታጠብቅ ከ8 እስከ 10 ኒውተን ሜትር ይበቃል። ላስቲኩ ከጎማው በታች፣ ከቸርኬው ጠርዝ ሳይወጣ ይረፍ፤ የፊት ጫፉ ከኋላው 1 ሚሜ ያህል ቀድሞ ይንካ፣ አለበለዚያ ይጮኻል። ጨርሰህ ሳትወጣበት እየገፋህ ፍሬኑን ጨምቅ፤ ሮንዴላው ሥር ቀለሙ ከተፋቀ አሁንም እየዞረ ነው።