ሳናውቅ የባለጉዳዩን ታሪክ እንመራው ይሆን?

ጥያቄ (የምክር አገልግሎት፣ አራት ኪሎ)፦
ባለጉዳይ ሲያወራ «እህ»፣ «አይዞሽ» እያልን ታሪኩን እናጣምም ይሆን? በምን ይታወቃል?

መልስ 1፦
አዎ፣ ሊጣመም ይችላል። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ግሪንስፑን በ1955 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሙከራ፣ ሰዎች የብዙ ቁጥር ስም (እንደ «ቤቶች» ያለ) በጠሩ ቁጥር «እምህም» ሲባሉ እነዚያ ቃላት በረከቱ። ባለጉዳዩን አስፈቅዳችሁ ንግግሩን በድምፅ ቅዱና 10 ደቂቃውን ቃል በቃል ጻፉ። ከዚያ እያንዳንዱ «እህ» ከምን በኋላ እንደመጣ አስምሩበት። ባለጉዳይዋ ስለ ባሏ ስታነሳ ሦስቴ «እህ» ብላችሁ ስለ ሥራዋ ስታነሳ ዝም ካላችሁ፣ ሥራው ከታሪኩ ቀስ በቀስ ሊወጣ ይችላል። እስክሪብቶም እንዲሁ ነው፤ መቼ መጻፍ እንደምትጀምሩ ያዩዋችኋል።

መልስ 2፦
ከሁሉ የከፋው ግን ቃል መለወጥ ነው። «ሆዴን ባር ባር ይለዋል» ስትል «ድባቴ ነው» ብላችሁ ከመለሳችሁላት፣ በሚቀጥለው ቀጠሮ ራሷ «ድባቴዬ» ትላለች፤ ያኔ ምርመራችሁ የተረጋገጠ ይመስላችኋል! የራሷን ቃል መልሱላት፦ «ባር ባር ሲልሽ እንዴት ነው?»

መልስ 3፦
«አይዞሽ» ቶሎ ሲመጣ «በቃ፣ አታልቅሺ» ተብሎ ይሰማል። አምስት ሰከንድ ያህል ጠብቁ፣ ከዚያ «ከዚያስ?» በሉ። ያላነሳችውን ድብደባ «ሲመታሽስ?» ብሎ መጠየቅ ፈጽሞ አይገባም።