ኤስኤሲዲ ላይ ድምፅ ጠፋብኝ፣ እስቲ የምታውቁ ተባበሩኝ

ጃዝ ወዳዱ (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)፦
ሰላም ለዚህ ቤት! ያገለገለ ዕቃ ከሚሸጥበት ሱቅ ሱፐር ኦዲዮ ሲዲ (ኤስኤሲዲ፣ ከተራ ሲዲ የላቀ ጥራት እንዲኖረው የተሠራ የሙዚቃ ዲስክ) የሚያጫውት ማጫወቻ አገኘሁ፣ ከነሪሞቱ። ዲስኮችም ከዚያው ለቃቀምኩ፤ ጃዝ ይበዛል፣ ክላሲካልም አለ። ድምፁን አጉልቶ ለስፒከሮቼ ከሚሰጠው ሪሲቨሬ ጋር በኦፕቲካል (ዲጂታል ድምፅን በብርሃን በሚያስተላልፈው) ገመድ አገናኘሁት። ተራ ሲዲ ሳስገባ ጥርት ብሎ ይጫወታል። ኤስኤሲዲ ሳስገባ ግን ስክሪኑ «ኤስኤሲዲ» ብሎ ይጽፋል፣ ሰከንዱ ይቆጥራል፣ ድምፅ የለም። ጭጭ! ሪሞቱ ላይ «ኤስኤሲዲ/ሲዲ» የሚለውን ስጫን ድምፁ ይመጣል፣ ግን ያ ተራው ሲዲ ይመስለኛል።

ሌላ ደግሞ፣ አንዱን ዲስክ የመኪናዬ ሲዲ ጭራሽ አላነብም አለ። ላፕቶፕ ላይ መገልበጥስ ይቻላል? በመጨረሻ፣ ይህን ማጫወቻ አዲስ አበባ ላለው ወንድሜ ብወስድለት ይሠራል?

ባለሽቦው፦
ወንድሜ፣ ማጫወቻህ ደህና ነው። ጣጣው ገመዱ ላይ ነው። ሶኒና ፊሊፕስ ይህን ዲስክ በ1999 እ.ኤ.አ. ሲያወጡ ትልቁ ስጋታቸው መገልበጥ ነበር። ስለዚህ የኤስኤሲዲው ድምፅ በኦፕቲካልም፣ በሌላኛው ዲጂታል ገመድ በኮአክሲያልም እንዳይወጣ ዘጉት። የተበላሸ ነገር የለም፣ ሆን ተብሎ ነው።

መፍትሔው ቀይና ነጩ የአናሎግ (ዲጂታል ያልሆነው) ገመድ ነው። ከማጫወቻው ጀርባ ወደ ሪሲቨሩ የሲዲ መግቢያ ሰካው። ማጫወቻህ ኤችዲኤምአይ ካለው በሱም ይሆናል፣ ሪሲቨሩ የሚቀበል ከሆነ። አሮጌ ማጫወቻ ላይ ግን ኤችዲኤምአይ አትጠብቅ። ውድ ገመድ ግዛ የሚልህ ካለ አትስማው፤ መሳቢያህ ውስጥ ያለው ይበቃል።

እህተ_ጃዝ (አሌክሳንድሪያ)፦
የመኪናውን እኔ ልመልስ። አብዛኛው ኤስኤሲዲ «ሃይብሪድ» ነው፤ አንድ ዲስክ ላይ ሁለት ንብርብር አለ ማለት ነው። የተራው ሲዲ ንብርብር ከታች በኩል 1.2 ሚሊሜትር ገባ ብሎ ነው ያለው። የኤስኤሲዲው ደግሞ 0.6 ሚሊሜትር ላይ ነው፣ የሲዲውን ሌዘር ያሳልፋል። ስለዚህ ሃይብሪዱን መኪናም ያነበዋል። መጀመሪያ አካባቢ ከወጡት ብዙዎቹ ግን የሲዲ ንብርብር የላቸውም። ጃፓን ውስጥም እንደዚያ ያሉ ይታተማሉ። ያንተ ዲስክ ከነሱ አንዱ ሳይሆን አይቀርም። ማሸጊያው ላይ ሃይብሪድ የሚል ጽሑፍ እንዳለ እይ።

ላፕቶፑን እርሳው። የኮምፒዩተር ድራይቭ የኤስኤሲዲውን ንብርብር አያነብም። ሃይብሪድ ከሆነ የሲዲውን ክፍል ብቻ ትገለብጣለህ።

ያገለገለ ማጫወቻ የምትገዙ ሁሉ ደግሞ ይህችን ያዙ፦ ሲዲ የሚነበበው በ780 ናኖሜትር ሌዘር ነው፣ ኤስኤሲዲ በ650። ሲዲ እያጫወተ ኤስኤሲዲውን እምቢ የሚል ማጫወቻ አለ፤ የደከመው አንደኛው ሌዘር ብቻ ስለሆነ። ሱቅ ስትሄዱ አንድ ኤስኤሲዲ ይዛችሁ ሂዱ፣ በተራ ሲዲ ሞክራችሁ አትመኑ።

ጃዝ ወዳዱ፦
ኧረ ተባረኩ! ቀይና ነጭ ሰካሁ፣ ድምፁ መጣ። አንድ ነገር ግን አልገባኝም። አንዳንዱ ዲስክ ግሩም ነው። አንዱ ላይ ግን ዘፋኟ ጠፋች! ከበሮው አለ፣ ሳክስፎኑ አለ፣ እሷ ግን ጎረቤት ቤት ሆና የምትዘፍን ነው የምትመስለው። ስክሪኑ ላይ «መልቲ» የሚል መብራት በርቷል።

ጋሽ_ቴፕ፦
ልጄ፣ መልሱን ራስህ ጻፍከው። «መልቲ» ማለት 5.1 ማለት ነው፣ ለአምስት ስፒከርና ለአንድ የቤዝ ስፒከር የተዘጋጀ ቅጂ። ብዙ ኤስኤሲዲ የሁለት ስፒከሩንና የ5.1ዱን ቅጂ ለየብቻ ይይዛል። በ5.1ዱ ላይ የዘፋኝ ድምፅ ብዙ ጊዜ ወደ መሐለኛው ስፒከር ነው የሚላከው። አንተ መሐለኛ ከሌለህ ድምፅዋ መውጫ አጣ።

የማጫወቻውን ጀርባ ተመልከት። «ስቴሪዮ» ወይም «2ሲኤች» (ለሁለት ስፒከር ማለት ነው) የሚሉ ሁለት ቀዳዳዎች አሉ፣ ከጎናቸው ደግሞ የ5.1 ስድስት ቀዳዳዎች። ገመድህ የስድስቱ ሁለት ላይ ተሰክቶ ይሆናል፣ ወደ ስቴሪዮው አዙረው። ቀጥሎ ሜኑ ውስጥ ገብተህ ቅድሚያ ለ2ሲኤች ይሰጥ በለው።

ሪሲቨርህም ላይ «ዳይሬክት» ወይም «ፒዩር ዳይሬክት» የሚል ቁልፍ ካለ ተጫነው። አለበለዚያ ብዙ ሪሲቨሮች የገባላቸውን አናሎግ መልሰው ዲጂታል ያደርጉታል። ያን ሁሉ ለፍተህ መጨረሻ ላይ ሪሲቨሩ እንደገና ይፈጨዋል።

ጆሮ_ወይስ_ወሬ፦
ደስታችሁን ላደፈርስ አይደለም፣ ግን ብሩን ከማፍሰሱ በፊት ይወቅ። 2007 ላይ ሜየርና ሞራን የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን ሙከራ አድርገዋል። ኤስኤሲዲንና ተፎካካሪውን ዲስክ ዲቪዲ ኦዲዮን እያጫወቱ፣ አንዴ በቀጥታ፣ አንዴ በሲዲ ጥራት አሳልፈው፣ ሰው ሳያይ ያስለያሉ። ከ554 ሙከራ ትክክል የተመለሰው 276 ነው። ሳንቲም ብትወረውር ያው ነው። በ2016 የለንደኑ ኩዊን ሜሪ ዩኒቨርሲቲ ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ ሲደምር 52.3 ከመቶ አግኝቷል። ልዩነት አለ፣ ግን ሲበዛ ቀጭን።

እህተ_ጃዝ፦
ጥናቱን አውቀዋለሁ፣ ግን ግማሹን ብቻ ነው የነገርከን። ሜየርና ሞራን ራሳቸው የኤስኤሲዲዎቹ ቅጂ ከተራው ሲዲ የተሻለ ይሰማል ብለዋል፤ ምክንያቱ የተዘጋጀበት ጥንቃቄ ነው። ስለዚህ ገዢው የሚያገኘው ነገር አለ። የዲስኮቹን የጥራት ቁጥር ግን አታምልኩት፤ ሲዲ ድምፁን በሰከንድ 44,100 ጊዜ ይለካል፣ እያንዳንዱን ልኬት በ16 ቢት (ዲጂታል አሃዝ) ይመዘግባል፤ ኤስኤሲዲ ደግሞ 2.8224 ሚሊዮን ጊዜ በ1 ቢት ብቻ። አሠራራቸው ስለሚለያይ ቁጥር ለቁጥር አይወዳደሩም።

ጆሮ_ወይስ_ወሬ፦
በቅጂው እስማማለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፦ ያንኑ ሃይብሪድ በ«ኤስኤሲዲ/ሲዲ» ቁልፍ እያቀያየርክ ስታወዳድር ቮልዩሙን አስተካክል። ሁለቱ ንብርብር እኩል የማይጮሁበት ዲስክ ብዙ ነው። ጆሮ ደግሞ በትንሹ ከፍ ብሎ የሚጮኸውን ብዙ ጊዜ «ጥርት ያለ» ይለዋል።

የሸገሩ (አዲስ አበባ)፦
የወንድምህን ጉዳይ እኔ ልያዝ። አሜሪካ ለገበያ የተሠራ ዕቃ በ120 ቮልት ነው የሚሠራው፣ እዚህ 220 ነው። ያለ ትራንስፎርመር ከተሰካ ዲስኩን ሳያዞር ይቃጠላል። መጀመሪያ ጀርባው ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብብ። «120 ቮልት» ብቻ ካለ፣ ከ220 ወደ 110 የሚቀንስ ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል። የሚበላው ዋትም እዚያው ተጽፏል። ብዙውን ጊዜ ትንሽ ነው፣ ባለ 100 ዋቱ ይበቃዋል። ከጃፓን የመጣ ከሆነ ግን 100 ቮልት ነው፣ ለሱ የሚሆነውን ለይታችሁ ግዙ።

መብራት ሄዶ ሲመጣ ቮልቴጁ ይዘላል፤ ስታቢላይዘርም ይኑረው። ሻንጣ ውስጥ ስታስገባው ደግሞ ዲስክ ውስጡ አትተው፣ ሲንገላታ ሌንሱን ይቧጭረዋል። የሪሞቱን ባትሪ አውጣ።

ጃዝ ወዳዱ፦
ጋሼ፣ እንዳሉት ሆነ፣ ገመዱ ስድስቱ ላይ ነበር። ዘፋኟ ተመልሳለች። ጀርባው ላይ «120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ፣ 23 ዋት» ይላል። የሸገሩ፣ እዚያ አዲስ አበባ 50 ኸርዝ ነው አይደል? ችግር አለው?

የሸገሩ፦
ችግር የለውም። ኸርዝ የመብራቱ ኃይል በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ ነው፤ ዲስኩን የሚያዞረው ሞተር ግን የሚሠራው ተስተካክሎ በሚደርሰው ዲሲ (የማይመላለስ ኃይል) ነው፣ ፍጥነቱ በኸርዙ አይቀየርም። ሞተሩ በኸርዙ የሚሄድ ሸክላ ማጫወቻ ቢሆን ኖሮ ሌላ ጉዳይ ነበር። ትራንስፎርመሩን ከዚህ ይግዛ፣ ያንተን ኪሎ አትጨርስበት፤ ብረት ነው፣ ይከብዳል።