«ውሻው ይፈታል፣ ሴትዮዋ ትቀራለች»

የሜሪላንዱ፦ ጧት እዚህ ግሩፓችን ላይ የተለጠፈውን አያችሁ? ኒውዮርክ፣ ቤድፎርድ ሂልስ የሴቶች እስር ቤት፣ እስረኞች ለአካል ጉዳተኞችና ለቀድሞ ወታደሮች አጋዥ ውሻ ያሳድጋሉ። እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ ያለ ነገር ነው። ለጣፊዋ ግን «ገዳይ ቡችላ ታቅፋለች፣ የሟች እናት ፎቶ ታቅፋለች» ብላ ላይክ ሰበሰበች። ያሳፍራል።

ለጣፊዋ፦ ምኑ ነው ውሸቱ? ቡችላው ክፍሏ አይደል የሚያድረው?

የሜሪላንዱ፦ ያድራል። ገና በስምንት ሳምንቱ ይመጣል። ሽንቱን የምትጠርገው እሷ፣ የወደቀ ቁልፍ አንሥቶ እንዲያቀብል፣ መብራት እንዲያበራ የምታስተምረው እሷ። ደግሞ እዚያ ያለችው ሁሉ ገዳይ ናት ያለሽ ማነው?

ነገረኛው፦ ቆይ። ሁለት ዓመት ገደማ ታሳድገዋለች፣ ከዚያ ውሻው ይፈታል፣ ሴትዮዋ ትቀራለች። ይሄ ነው ማረም? እ.ኤ.አ. በ1865 አሜሪካ ውስጥ ባርነት ሲከለከል «ለወንጀል ቅጣት ካልሆነ በቀር» ብለው ቀዳዳ ትተዋል። ያንኑ ነው በቡችላ ያሳመሩት።

የሜሪላንዱ፦ ማንም አላስገደዳቸውም፣ አመልክተው ነው የሚገቡት።

ነገረኛው፦ ክፍል ውስጥ ተዘግቶብህ ብትውል አንተም ታመለክታለህ።

ካምሪው፦ ውሻው ይፈታል 😂 እኛ ሰፈር ውሻ ቀን ይታሰራል፣ ማታ ይፈታል። እነሱ ጋ ጭራሽ ወህኒ ይወርዳል!

የሜሪላንዱ፦ ቅዳሜና እሁድ በጎ ፈቃደኞች ያወጡታል። መኪና፣ ደረጃ፣ ግርግር እንዲለምድ።

ነገረኛው፦ በየሳምንቱ አመክሮ! እሷስ?

ነርሷ፦ ልጆች፣ አንድ የኢራቅ ዘማች ታካሚ ነበረኝ። ሲቃዥ ውሻው ብርድ ልብሱን ጎትቶ ይቀሰቅሰዋል። በዓይኔ አይቻለሁ። ማን እንዳሳደገው አልጠየቅኩም።

ለጣፊዋ፦ እትዬ፣ ውሻውን ማን ጠላ? ደጅ ያለ ሰው አያሠለጥንም ወይ?

ነርሷ፦ ያሠለጥናል እንጂ። ግን ቀኑን ሙሉ አብሮት የሚውል ከየት ይመጣል?

ነገረኛው፦ አያችሁ? «ቀኑን ሙሉ»! ጊዜዋን ነው የፈለጉት። የኔው ቃል ነው፣ እትዬ አረጋገጡልኝ።

ነርሷ፦ ኧረ በስመአብ! እንደዛ አላልኩም።

ካምሪው፦ እኔን ግን የቸገረኝ ሌላ ነው። እሁድ ከቅዳሴ በፊት በካምሪዬ ታክሲ ስሠራ አንዷን ከነውሻዋ ጫንኩ። ነጠላዬ ሙሉ ፀጉር ሆነ።

የሜሪላንዱ፦ አጋዥ ውሻ ከሆነ አልጭንም ማለት አትችልም። ሕግ ነው።

ካምሪው፦ ጭኛለሁ አልኩህ እኮ! ፀጉሩን ማን ይጥረግልኝ ነው ጥያቄው።

ለጣፊዋ፦ ቤድፎርድ ሂልስ ውሰደው 😂

ነገረኛው፦ ሳቁ። አሁንም የመለሰልኝ የለም። ውሻው ወጣ እንበል። ሴትዮዋስ?

የሜሪላንዱ፦ ሌላ ቡችላ ይሰጧታል።

ነገረኛው፦ እሱን እኮ ነው የምልህ!