ቢኤምደብሊው 530 አይ፦ ከአባይ ድልድይ ወደ ደጀን ስወጣ ሙቀቱ ይነሳል፤ ከየቱ ልጀምር?

ጥያቄ — የማርቆስ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። ወደ ውጭ ከሄደ ሰው የ2002 ሞዴል ቢኤምደብሊው 530 አይ ገዝቼ እየነዳሁ ነው፤ ኢ39 የሚባለው፣ ባለ 6 ሲሊንደር፣ ኦቶማቲክ። መኪናውን እወደዋለሁ። ከደጀን ወደ ሉማሜ ባለው ሜዳ ላይ መሬት ይዞ አሄዱን ያየ ሰው ለምን እንደምደክምለት ይገባዋል። ችግሬ ሁለት ነው።

አንደኛ፣ ከአዲስ አበባ ስመለስ የአባይን ድልድይ ተሻግሬ ዳገቱን ስጀምር ደህና ነው፤ አጋማሹ ላይ ግን የሙቀት መርፌው ከመሃል ተነስቶ ወደ ቀዩ ይሄዳል። ቆሜ ሳሳርፈው ይመለሳል። ከተማ ውስጥ ምንም የለበትም። ውሃው ይጎድላል፣ መሬት ላይ ግን ጠብታ አላይም። የምሄድበት ጋራዥ የቧንቧ ውሃ እየሞላ "ቴርሞስታቱን (እንደ ሙቀቱ የውሃውን መንገድ ወደ ራዲያተር የሚከፍትና የሚዘጋውን) አውጥተን እንጣለው" ይለኛል፤ እስካሁን እሺ አላልኩም።

ሁለተኛ፣ ወደ አባይ ስወርድ ፍሬን ስይዝ መሪው ይንቀጠቀጣል። ዲስክና ሸራ ተቀይሯል፣ ለውጥ የለም። ቸርኬው የራሱ አይደለም፣ ከገበያ የተገዛ ነው።

ቤተሰቦቼ "ሽጠህ ቪትዝ ግዛ" ይሉኛል። ሁሉንም ባንዴ ለመቀየር አቅሜ አይፈቅድም። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ — አይሱዙ ሾፌር፣ ቡሬ

ወንድም ዓለም፣ እኛ ቴርሞስታት አውጥተን ያንን ዳገት ስንት ዓመት ተመላልሰንበታል። ውሃው በነፃ ይዞራል፣ ሞተሩም ይቀዘቅዛል። እኔ ብሆን አውጥቼ እሞክረዋለሁ።

መልስ — መካኒክ ከባሕር ዳር

ጋሼ፣ በድሮ የጭነት መኪና ያሉት ልክ ነው። እዚህ ሞተር ላይ ግን አይሠራም።

የዚህ ቴርሞስታት በኮምፒዩተር የሚታዘዝ ነው። ሲተዉት 97 ዲግሪ ላይ ይከፍታል፤ ዳገት ላይ ጭነት ሲበዛበት ኮምፒዩተሩ በውስጡ ያለውን ማሞቂያ አብርቶ ቀደም ብሎ ያስከፍተዋል። ከወጣ ሞተሩ በማርቆስ ብርድ ሳይሞቅ ይውላል፤ ኮምፒዩተሩም "ገና ነው" ብሎ ቤንዚን ይጨምራል፣ ዘይቱም ይበላሻል። የዳገቱ ችግር ደግሞ እንዳለ ይቀራል።

የማርቆስ ልጅ፣ አሁን የምልህን ልብ በል። ደብረ ማርቆስ ከፍታዋ 2,400 ሜትር ግድም ነው። እዚያ ክፍት ድስት ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ቴርሞስታትህ የሚከፍተው 97 ላይ። ስለዚህ ግፊት የሚይዝ ነገር ከሌለ ውሃው ቴርሞስታቱ ሳይከፈት በፊት ይፈላል። ይህን የሚከለክለው የውሃ ማጠራቀሚያው ክዳን ነው፤ 200 የሚል ቁጥር አለበት፣ 2 ባር ማለት ነው። ያ ግፊት ከተያዘ ውሃው ከ120 ዲግሪ በላይም ሳይፈላ ይቆያል። የክዳኑ ጎማ ከደረቀ ወይም የማጠራቀሚያው ፕላስቲክ ከተሰነጠቀ ግፊቱ ያመልጣል። ያኔ ውሃው በእንፋሎት ነው የሚወጣው፣ የጋለ ሞተር ላይ ወዲያው ይደርቃል። መሬት ላይ ጠብታ የማታየው ለዚህ ይመስለኛል።

መርፌውን ደግሞ አትመነው። ከ75 እስከ 110 ዲግሪ ግድም መሃል ላይ ቀጥ ብሎ እንዲቆም ተደርጎ ነው የተሠራው። ከመሃል ሲነሳ ሞተሩ ቀድሞ ብዙ ሞቋል። የ2002 ሞዴል ስለሆነ ከመሪው በታች ባለ 16 ፒን ሶኬት አለው፤ ስልክ ላይ የሚያሳይ ርካሽ ስካነር ሰክተህ ትክክለኛውን ዲግሪ እያየህ ንዳ። ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) አሉሚኒየም ነው፤ ከተጣመመ ወጪው ዛሬ ከምትፈራው ሁሉ ይበልጣል። ሳይጠገን ያንን ዳገት አትውጣበት።

አሁን ሥራው። ሞተሩ ቀዝቅዞ ባለበት በእጅ ፓምፕ 1.5 ባር ግፊት ስጠውና ጠብቅ። የማጠራቀሚያውን ስፌት፣ የራዲያተሩን የላይኛ አንገት፣ የቴርሞስታቱን ቤት በባትሪ ብርሃን ፈልግ። ያንተ ኦቶማቲክ ስለሆነ ከማጠራቀሚያው ሥር የካምቢዮ ዘይት ማቀዝቀዣ ተያይዞበታል፤ እዚያ ያሉት የጎማ ቀለበቶችም ያፈሳሉ። ግፊቱ ካልወረደ የጭስ ጋዝ ወደ ውሃው መግባት አለመግባቱን አስመርምር። የዘይት ክዳን ሥር ወተት የመሰለ ነገር ብታይ ግን ወዲያው "ጓርኒሲዮን (ከቴስታታው ሥር ያለው ማሸጊያ) ሄዷል" አትበል፤ ይህ ሞተር በብርድ አገር አጭር አጭር መንገድ ሲነዳ ከትንፋሽ መስመሩ የሚመጣ እርጥበት ነው ብዙ ጊዜ።

ቬንትሌተሩንም (ራዲያተሩን የሚያቀዘቅዘውን ማራገቢያ) እይ። ሞተሩ ቀዝቅዞ ሲጠፋ በእጅህ ቀለል ብሎ ይዞራል። በደንብ ሞቆ ስታጠፋው ግን መክበድ አለበት። ሞቆም እንደ ልቡ ከዞረ መያዣው አልቋል። ዳገት ላይ መኪናው ቀስ ስለሚል ንፋሱን በዋናነት የሚያመጣው እሱ ነው። ብሎኑ ባለ 32 ነው፣ ጥርሱም ግራ ነው፤ የማያውቅ ሰው ሲያጠብቀው ይውላል።

አቅም ካነሰ መጀመሪያ ማጠራቀሚያ ከነክዳኑ፣ ከላይኛው ማኒኮቶ (የውሃ ጎማ) ጋር። ቀጥሎ ዋተር ፓምፕና ቴርሞስታት ባንድ ላይ፣ ጉልበቱ አንድ ስለሆነ። ራዲያተሩ በቧንቧ ውሃ ኖራ ከያዘ ማጠብ ብዙም አያድነውም። ከቻልክ ግን ሁሉንም ባንዴ ቀይር። ፕላስቲኩ እኩል ነው ያረጀው፤ አንዱን አዲስ ስታደርገውና ግፊቱ ሲመለስ ቀጣዩ ደካማ ይፈነዳል።

መልስ — ሐኪሟ፣ ፍኖተ ሰላም

እኔ ያለኝ 525 አይ ነው፣ ያው ኢ39። የመካኒኩን ሐሳብ ሙሉ በሙሉ እደግፋለሁ። ዕቃን በተመለከተ፣ የሻንሲ ቁጥርህን የመጨረሻ 7 ፊደልና አኃዝ ይዘህ የዕቃውን ቁጥር ከቢኤምደብሊው ካታሎግ ካላወጣህ ሶማሌ ተራ ሄደህ "የ530" ብትል የሚሰጥህ የሌላ ይሆናል። ቴርሞስታት፣ ፓምፕና ክዳን ቀላል ናቸው፤ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ በሻንጣ ይይዛቸዋል። ራዲያተርና ማጠራቀሚያ ከአዲስ አበባ ፈልግ፣ በአውቶቡስ ጭነት ይደርስልሃል። ያገለገለ የማቀዝቀዣ ፕላስቲክ ግን በነፃ ቢሰጥህም አትግጠም።

ስለ መንቀጥቀጡ፦ ኢ39 የቸርኬው የመሃል ቀዳዳ 74.1 ሚሊ ሜትር ነው። የሌሎቹ የዘመኑ ቢኤሞች 72.6 ነው። ከገበያ የተገዛ ቸርኬ ወይ ተሞርዶ ገብቷል፣ ወይ ቀዳዳው ሰፍቶ ክፍተቱን የሚሞላ ቀለበት ሳይኖረው በብሎን ብቻ ተንጠልጥሏል። በሁለቱም መሃሉን አይይዝም። መጀመሪያ ይህን በካሊፐር አስለካ፣ ብዙ ወጪ የለውም። የቸርኬ ብሎን ማጥበቂያው 120 ኒውተን ሜትር ነው፤ በረጅም ቧንቧ ላይ እየዘለሉ ማጥበቅ ዲስኩን ያጣምመዋል።

ቸርኬው ደህና ከሆነ የፊት እግር ክንዶቹን ቡሽ (መገጣጠሚያው ላይ ያለውን ጎማ) እይ። የፊተኛው ክንድ ቡሽ በውስጡ ፈሳሽ አለበት፤ ሲቀደድ ዘይት የመሰለ ነገር ያልባል፣ ፍሬን ስትይዝም መሪው የሚንቀጠቀጠው ያኔ ነው። ግራና ቀኝ ባንድ ላይ ይቀየራል። ስትገጥሙት አንድ ነገር እለምናችኋለሁ፤ የቡሹ ብሎን የሚጠብቀው መኪናው በጎማው ቆሞ፣ ክብደቱን ተሸክሞ እያለ ነው። ክሪክ ላይ ተንጠልጥሎ ከጠበቀ ጎማው ተጠማዝዞ ይቀራል፣ ብዙም ሳይቆይ ይቀደዳል።

ስለ መሸጡ ካነሳህ፦ ከ2024 ጀምሮ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ተከልክሏል። እንዲህ ያለ መኪና እንደገና አታገኝም። ያዘው።

መልስ — አይሱዙ ሾፌር፣ ቡሬ

መካኒኩ ያለውን አንብቤ አምኛለሁ፣ ቴርሞስታቱ ይቆይ። ስለ መንገዱ ግን ልንገርህ። ከድልድዩ እስከ ደጀን በ20 ኪሎ ሜትር ግድም ከ1,000 ሜትር በላይ ነው የምትወጣው፣ ታቹ ደግሞ በረሃ ነው። ገና ሳይነጋ ተነስተህ ጠዋት ተሻገር። ከሲኖትራክ ኋላ ተጠግተህ አትውጣ፤ የሱን ትኩስ አየር ነው የምትስበው። ማርሹን በእጅ 2 ወይም 3 ላይ ያዘው፣ ሞተሩ በደንብ ይዙር፤ ፓምፑም ቬንትሌተሩም በሞተሩ ዙር ነው የሚሠሩት። ሙቀቱ መነሳት ከጀመረ ኤሲ አጥፋ፣ የመኪናውን የውስጥ ማሞቂያ እስከ መጨረሻው ክፈት፣ ሰፊ ቦታ ላይ ቁም። ክዳኑን በሙቀቱ እንዳትነካው።

ስትወርድ ደግሞ በፎሌ (ማርሽ አውጥተህ) እንዳትለቀው። ኦቶማቲክ ካምቢዮ በፎሌ ቁልቁለት አይወድም፣ ፍሬንህም ብቻውን ይቃጠላል። በማርሽ ይዘህ ነዳጅ መስጫውን ስትለቅ እንዲህ ያለው ሞተር ቤንዚን መርጨቱን ያቆማል፤ ስለዚህ ፎሌ ቤንዚን አያተርፍልህም።

መልስ — የማርቆስ ልጅ

ሁላችሁም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በግፊት አስፈተሽኩት፤ ማጠራቀሚያው ከጎኑ ስፌቱ ላይ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ አለችው። ክዳኑም ጎማው ደርቋል። ቬንትሌተሩ ደህና ነው። የቸርኬው ቀዳዳ ሲለካ ሰፊ ሆኖ ተገኘ፤ 74.1 የሚያደርሰውን ቀለበት ቶርኖ ቤት አዝዣለሁ። የማቀዝቀዣውን ሁሉ ባንዴ ልቀይር ወስኛለሁ፣ ዕቃው እስኪሟላ መኪናው ከከተማ አይወጣም። ሁለት ጥያቄ ቀረኝ፤ ምን ፈሳሽ ልሙላ፣ አየሩስ እንዴት ይወጣል? ደግሞ ጉልበቱ ከአዋሽ መንገድ ይልቅ ማርቆስ ላይ ቀነስ ይላል፣ ከቤንዚኑ ይሆን?

መልስ — መካኒክ ከባሕር ዳር

ጉልበቱ ከከፍታው ነው። 231 ፈረስ ጉልበት የሚባለው በባሕር ጠለል ነው፤ ቱርቦ ስለሌለው 2,400 ሜትር ላይ ከአምስት አንዱን ያህል በቀጭኑ አየር ታጣለህ። ይህ በሽታ አይደለም። ቤንዚን ግን ከማደያ ብቻ ቅዳ፤ ማደያ ሲደርቅ በሃይላንድ የሚሸጠው ላምባ የተቀላቀለበት ሊሆን ይችላል፣ እሱ ኢንጄክተሩንም ካታሊስቱንም ይጎዳል።

ፈሳሹ ለቢኤምደብሊው የሚሆነው ሰማያዊው አንቲፍሪዝ ነው፤ ግማሽ በግማሽ ከተጣራ ውሃ ጋር። ጠቅላላው 10 ሊትር ተኩል ግድም ይይዛል። የተጣራ ውሃ ካጣህ የባትሪ ውሃ ግዛ፣ ግን ጠርሙሱን አንብብ፤ አሲዱም በተመሳሳይ ዕቃ ይሸጣል። ከመሙላትህ በፊት ሞተሩን በንጹሕ ውሃ ደጋግመህ እጠብ፣ ያ የቧንቧ ውሃ ይውጣ።

አየሩን ስታወጣ ሞተሩ ቀዝቃዛ ይሁን፣ ከፊት በኩል ትንሽ ከፍ አድርገህ አቁመው። ቁልፉን ክፈት፣ ሞተሩን ግን አታስነሳ። ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ሙቅ፣ ንፋሱን ዝቅተኛ ላይ አድርግ። ከክዳኑ አጠገብ ያለችውን የአየር ማስወጫ ብሎን ፈታ አድርገህ ቀስ እያልክ ሙላ። አረፋው ቆሞ ፈሳሹ ብቻ ሲወርድ ብሎኗን ዝጋ፤ ፕላስቲክ ናት፣ አታስጨንቃት። ከዚያ አስነስተህ አሙቀው፣ ከመኪናው ማሞቂያ ትኩስ አየር መምጣቱን አረጋግጥ። ቀዝቃዛ ከመጣ አየር ቀርቷል፣ ድገመው። በማግስቱ ጠዋት ሳታስነሳ ክዳኑን ክፈትና ቀዩን ተንሳፋፊ እይ፤ ከሁለቱ ምልክት መካከል መሆን አለበት። ለጥቂት ቀን በማርቆስና በአማኑኤል መካከል ስካነሩን እያየህ ንዳው፣ ተንሳፋፊው ካልወረደ አባይን ተሻገር።