ድጋሚ ለሚወዳደሩት የምክር ቤት አባላት የምንልከው የጋራ ሐሳብ፦ ረቂቁን አብረን እንጨርስ

ከሰብሳቢዋ፦
ውድ አባላት፣ እንደምን ሰነበታችሁ። በከተማው ምክር ቤት ወንበር ላይ ካሉት አብዛኞቹ ድጋሚ ይወዳደራሉ። ሁሉም "ሥራዬ ይመስክርልኝ" እያሉ ነው። ማኅበራችን ማንንም አይደግፍም፣ ማንንም አይቃወምም። ሥራቸው በእርግጥ እንዲመሰክር ግን መንገዱን ማመቻቸት እንችላለን። የእኔ ሐሳብ ይሄ ነው፦ ለሁሉም አንድ ዓይነት ጥያቄ በጽሑፍ እንላክ። መልሳቸውን ምንም ሳንነካ እናሰራጭ። ከዚያ አንድ የሕዝብ መድረክ እናዘጋጅ። ጥያቄዎቹ ምን ይሁኑ? እስቲ ጻፉ።

ከመንገድና ፍሳሽ ኮሚቴ፦
"ምን ሠሩ?" ብለን ባንጀምር ደስ ይለኛል። እንደዚያ ከጠየቅን የሚመጣልን ፎቶ ነው። ሪባን ሲቆረጥ፣ የመሠረት ድንጋይ ሲቀመጥ። ገንዘቡ ግን ከላይኛው መንግሥት የመጣ ሊሆን ይችላል። ዕቅዱም ካለፈው ምክር ቤት የተወረሰ ሊሆን ይችላል። አንድ የምክር ቤት አባል ብቻውን መንገድ አይሠራም። ድምፁ ግን የራሱ ነው፣ ቃለ ጉባኤ ላይም ሰፍሯል። ስለዚህ እንዲህ እንበል፦ "ድምፅ የሰጡባቸውን ሦስት ከባድ ውሳኔዎች ይንገሩን። ደገፉ? ተቃወሙ? ድምፀ ተዓቅቦ አደረጉ? ለምን?"

ከሒሳብ ተቆጣጣሪው፦
በዚህ እስማማለሁ። በጀት ላይ አንድ ነገር ልጨምር። "ለውሃ ይህን ያህል አጸደቅን" የሚል መልስ መምጣቱ አይቀርም። ማጽደቅ ቀላል ነው። ከጸደቀው ስንቱ ወጣ? ስንቱ ሳይነካ ከረመ? ስንቱ ወደ ሌላ ሥራ ዞረ? ሌላው ጊዜው ነው። ኢኮኖሚስቱ ዊልያም ኖርድሃውስ እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተመው ጽሑፍ፣ በሥልጣን ላይ ያለ ወገን ምርጫ ሲቃረብ መራጩን ለማስደሰት እንደሚፈተን አሳይቷል። ሙሉ የሥራ ዘመኑን በየዓመቱ ከፋፍለው ያሳዩን። የመጨረሻውን ዓመት ብቻ ካየን ተሸውደናል።

ከወጣቶች ክፍል፦
ጥያቄዎቹ ጥሩ ናቸው። የምፈራው ግን አንድ ነገር ነው። ወረቀት አሰራጭተን ማንም ሳያነበው ቢቀርስ?

ከሒሳብ ተቆጣጣሪው፦
እህቴ፣ ተስፋ የሚሰጥ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2003 ብራዚል በዕጣ የወጡላትን ከተሞች ሒሳብ መመርመር ጀመረች። ውጤቱም በይፋ ይወጣ ነበር። ክላውዲዮ ፌራዝና ፍሬደሪኮ ፊናን የተባሉ ተመራማሪዎች የ2004ን ምርጫ ተከታተሉ። ብዙ ጉድለት የተገኘባቸው ከንቲባዎች ድጋሚ የመመረጥ ዕድላቸው ቀነሰ። ልዩነቱ ጎልቶ የታየው የአካባቢ ሬዲዮ ባለባቸው ቦታዎች ነው። ሬዲዮ ባለበት፣ ንጹሕ ሆነው የተገኙት ደግሞ ተጠቀሙ። ይሄ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። መረጃው መጥፎውን ከመጣሉም በላይ ጥሩውን አነሳ።

ከወጣቶች ክፍል፦
እኔ ያነበብኩት ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ፣ ቤኒን፣ ቡርኪና ፋሶ፣ ሜክሲኮ፣ ኡጋንዳና ራሷን ብራዚልን ያካተተ የጋራ ጥናት ነበር። ስለ ተመራጮች መረጃ ለመራጮች ተሰጠ። በአማካይ ሲታይ በድምፃቸው ላይ ለውጥ አልተገኘም። ስለዚህ ወረቀት ማደል ብቻውን አይበቃም ባይ ነኝ። ሰው መረጃውን ከሌሎች ጋር አብሮ ሲሰማው ይሻላል። በሴራሊዮን እ.ኤ.አ. በ2012 ምርጫ የፓርላማ ዕጩዎች ክርክር ተቀርጾ በየአደባባዩ ታይቶ ነበር። ያዩት ሰዎች ስለ ዕጩዎቹ የተሻለ አወቁ። ተከራክረው ያሸነፉትም በኋላ ለምርጫ ክልላቸው የተመደበውን የልማት ገንዘብ የበለጠ ሥራ ላይ አዋሉ። መድረኩ ዋናው ይሁን፣ ወረቀቱ ደግሞ አጋዥ።

ከሰብሳቢዋ፦
ተቀብያለሁ። መድረኩ ይቅደም።

ከነባር አባል፦
ልጆቼ፣ ያነሳችሁትን ሁሉ ወድጄዋለሁ። አንድ ነገር ግን ቀርቷል፤ እኔን ለዓመታት ሲያሳስበኝ የኖረ ነው። በከተማ ሥራ ውስጥ ትልቁ ነገር ዓይን ውስጥ አይገባም። ክረምት ሳይገባ ቦይ ተጠርጎ ጎርፍ ካልመጣ፣ ማን ያመሰግናል? ያረጀ ቧንቧ ሳይፈነዳ በፊት ተቀይሮ ውሃ ካልተቋረጠ፣ ማን ያስታውሳል? አንድሩ ሂሊና ኒል ማልሆትራ እ.ኤ.አ. በ2009 ያሳተሙት የአሜሪካ ጥናት ይህንኑ ነው ያገኘው። መራጮች ከአደጋ በኋላ እርዳታ ያመጣውን ወገን ይሸልማሉ። አደጋው እንዳይጎዳ አስቀድሞ ገንዘብ ያወጣውን ግን አይሸልሙም። በእነሱ ስሌት ለቅድመ ዝግጅት የወጣ 1 ዶላር ወደ 15 ዶላር የሚጠጋ የወደፊት ጉዳት ያስቀራል። አስቡት! እኛ የማናመሰግነውን ሥራ ማን ይሠራል? "ከብት ያለው ያግባሽ ወይስ አፍ ያለው?" ሲሏት አፍ ያለውን እንደመረጠችው እንዳንሆን። ዝም ብሎ ቦይ ያስጠረገ አባል መድረኩ ላይ አፈ ጮሌ ላይሆን ይችላል። ለእሱም ቦታ እንተውለት። "እኛ ያላየነው፣ እርስዎ ግን የሚኮሩበት ሥራ የቱ ነው?" ብለን እንጠይቅ።

ከመንገድና ፍሳሽ ኮሚቴ፦
አባቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ስለ ቦዩ ያሉትን እኔ ልረሳው አይገባም ነበር። ግን ማስረጃ ይጠየቅበት። ያልታየ ሥራ ነው ተብሎ ያልተሠራ ሥራ እንዳይነገረን። የጥገና መዝገብ ወይም የውል ወረቀት አብሮ ይቅረብ።

ከነባር አባል፦
ልክ ነህ፣ ይጨመር።

ከጸሐፊዋ፦
ስለ ስህተትም እንጠይቅ እንጂ። "ዛሬ ቢሆን በሌላ መንገድ የሚወስኑት ውሳኔ አለ?" ይህን መልሶ የሚቀጣ ሕዝብ ካለ ማንም እውነቱን አይናገርም። ስለዚህ የመድረኩ መሪ ጥያቄውን ሲያቀርብ ለወቀሳ እንዳልሆነ አስቀድሞ ይናገር። አዲስ ተፎካካሪዎችንም አንርሳ። በእነዚያው ውሳኔዎች ላይ "እርስዎ ቢሆኑ ምን ያደርጉ ነበር? ገንዘቡንስ ከየት ያመጡ ነበር?" ተብለው ይጠየቁ። መተቸት ብቻ ከሆነ ሚዛኑ ይዛባል።

ከሰብሳቢዋ፦
እንግዲህ እስካሁን የተስማማንበት ረቂቅ ይህ ነው፦

"የተከበሩ የምክር ቤት አባል፣ በሥራ ዘመንዎ ድምፅ የሰጡባቸውን ሦስት ከባድ ውሳኔዎች ከነምክንያታቸው ይግለጹልን። በእነዚህ ጉዳዮች ላይ በየዓመቱ የጸደቀውንና በእርግጥ የወጣውን ገንዘብ ያሳዩን። ሕዝብ ያላየው፣ እርስዎ ግን የሚኮሩበት አንድ ሥራ ካለ ከማስረጃው ጋር ያቅርቡ። ዛሬ በሌላ መንገድ የሚወስኑት ነገር ካለም ይንገሩን። ከእርስዎ ሥልጣን ውጭ የነበረውን ለይተው ቢጽፉልን፣ ያንን ከእርስዎ አንጠይቅም።"

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር የጨመርኩት እኔ ነኝ። የማትስማሙ ካላችሁ ተናገሩ።

ከሒሳብ ተቆጣጣሪው፦
እስማማለሁ፤ ግን "የማን ሥልጣን እንደነበረ ጠቅሰው" ይባል። አለዚያ ሁሉም ነገር "ከእኔ ውጭ ነው" ይሆናል።

ከወጣቶች ክፍል፦
መልስ ላልላኩትስ?

ከሰብሳቢዋ፦
ከስማቸው ጎን "መልስ አልደረሰንም" ብቻ ይጻፍ። ሌላ ቃል አንጨምርም። የሒሳብ ተቆጣጣሪያችን ያሉትን አስገብቼዋለሁ። ጸሐፊያችን ዛሬ ማታ ንጹሕ ቅጂውን ታዘጋጅ። ነገ ሁላችንም ፈርመን እንልካለን።