የማኅበሩን ፔጆ 404 ሞተር በ240 ሺህ ብር ማደስ፦ የጋራ ዕቅድ ውይይት

ሊቀመንበር (ከዚራ)
ውድ አባላት፣ መኪናችን ዘይት መብላት ከጀመረች ቆይታለች። በድሬዳዋ ሜዳ ላይ እንደ ነገሩ ትሄዳለች፤ ወደ ሐረር ስንወጣ ግን ደንገጎ ዳገት ላይ ታፈላለች። በካዝናችን 240 ሺህ ብር አለ፤ ተጨማሪ መዋጮ አልጠይቅም። የመጀመሪያው ረቂቄ ይህ ነው፦ ሞተሩ ይውረድ፣ ፒስተንና ላይነሩ (ፒስተኑ የሚመላለስበት ቱቦ) በሙሉ ይቀየር፣ ኮሎው (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዋናው ዘንግ) ብረት ወደሚሞረድበት ቶርኖ ቤት ይግባ፤ ከተረፈ የፊትና የኋላ መከላከያው ኒኬል ይነከር፣ ቀለሟም ይታደስ። የምትቃወሙትን ከነምክንያቱ ጻፉ። ጠቅላላ ጉባኤው የሚያየው ከዚህ ውይይት የሚወጣውን አንድ ሰነድ ብቻ ነው።

ገንዘብ ያዥ (ሳቢያን)
ኒኬሉና ቀለሙ ይውጡ። በበጀት ውስጥ «ከተረፈ» ተብሎ የሚጻፍ ነገር መጨረሻ ላይ የሚከፈለው ከዘይት ፖምፓው ድርሻ ተቀንሶ ነው።

የቀድሞ የምድር ባቡር መካኒክ (ለገሃሬ)
ልጆቼ፣ ምን እንደተበላሸ ሳናውቅ ምን እንደምንገዛ ጽፈናል። ሞተሩ ከመውረዱ በፊት የግማሽ ቀን ሥራ አለ። ሞተሩን አሙቆ፣ አራቱንም ካንዴላ (ነዳጁን የሚያቀጣጥለውን ብልጭታ ሰጪ) ፈትቶ የእያንዳንዱን ሲሊንደር የእመቃ ግፊት መለካት ነው። ዝቅ ያለ ሲሊንደር ከተገኘ አንድ ማንኪያ የሞተር ዘይት ጨምሮ እንደገና ይለካል። ቁጥሩ ከፍ ካለ የተበላው ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ወይም ላይነሩ ነው፤ ንቅንቅ ካላለ ቫልቩን ጠርጥሩ። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሲሊንደሮች አብረው ከወደቁ የቴስታታው (ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚከድነው ክፍል) ጋስኬት፣ ማለትም ማሸጊያው፣ በመካከላቸው ተቃጥሎ ይሆናል። የዘይት ግፊቱም ሞተሩ በደንብ ከሞቀ በኋላ ይታይ፤ ዘይቱ ቀዝቃዛ ሳለ ሁሉም ሞተር ጤነኛ ይመስላል።

የዚህች ሞተር ትልቁ ጸጋ ላይነሯ ነው። ሲሊንደሩ ከብሎኩ ጋር አንድ ላይ አልተቀረጸም፤ ዙሪያውን ውሃ የሚነካው፣ ተነቅሎ የሚቀየር ቱቦ ነው። ስለዚህ ብሎክ የሚያሰፋ ማሽን ፍለጋ አዲስ አበባ ድረስ አንሄድም፤ ፒስተንና ላይነሩ ተጣጥሞ በአንድነት ይገዛል። ጸጋው ግን ዕዳ አለበት። ቴስታታው ከተነሣ በኋላ ላይነሮቹን በብሎንና በሰፊ ሮንዴላ ወደ ታች ሳያስሩ ኮሎውን ማዞር አይቻልም። ፒስተኑ ላይነሩን ይዞት በጥቂቱ ከፍ ካለ ከሥሩ ያለው ማሸጊያ ይለቃል። ውሃው ወደ ኮፓ (ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት ገንዳ) ይወርዳል፣ ዘይቱም ማኪያቶ ይመስላል። ላይነሩ ከብሎኩ ፊት ስንት ብቅ እንደሚል ደግሞ በጥገና መመሪያው ልክ ነው የሚስተካከለው፤ «በዓይን ይበቃል» የሚል ሰው ወደዚህ ሥራ አይጠጋ።

ቴስታታው አሉሚኒየም ነው። ይህን ያህል ጊዜ አፍልታ ካልተጣመመ ዕድለኞች ነን። ፈጽሞ በትኩሱ አይፈታም።

አባል (ገንደ ቆሬ)
ጋሼ፣ በአክብሮት ልጠይቅዎት። በዚህ ገንዘብ ያገለገለ የቶዮታ ሞተር ከነካምቢዮው (ከነማርሽ ሳጥኑ) ገዝተን ብንገላገልስ? መለዋወጫው በየሱቁ አለ፤ ለ404 ግን ስንት ወር ልንጠብቅ ነው?

የቀድሞ የምድር ባቡር መካኒክ (ለገሃሬ)
ጥያቄህ ተገቢ ነው፤ ብዙዎችም አድርገውታል። ግን ሒሳቡን እስከ መጨረሻ እናስላው። የ404 ሞተር 45 ዲግሪ አጋድሎ ነው የተቀመጠው፤ ማሰሪያዎቹም የተሠሩት ለዚያ ነው። ከካምቢዮው ወደ ኋላ የሚሄደው ዘንግ በተዘጋ ቱቦ ውስጥ ያልፋል፤ ቱቦው ራሱ የኋላውን አክስል ይገፋል። ካምቢዮውን ከቀየርህ ቱቦው ይፈታል፤ ቱቦው ከተፈታ አክስሉ ተከትሎ ይመጣል። ሞተር ገዝተህ መኪና ትሠራለህ።

ጸሐፊ (አዲስ ከተማ)
ሊብሬው ላይ የተጻፈው የሞተር ቁጥርም አለ። የተለየ ሞተር ከገባ ያንን የማስቀየሩ ደብዳቤና ምልልስ በእኔ ጫንቃ ላይ ነው የሚወድቀው። እቃወማለሁ።

አባል (ሐረር፣ ሸዋ በር)
እኛ ዘንድ 404 ለረጅም ዘመን በታክሲነት ስላገለገለች በየግቢው የቆመ ሞተር አይጠፋም። ለመለዋወጫ የሚሆን አንድ ሙሉ ሞተር ፈልጎ መግዛት የተናጠል ዕቃ ከመልቀም ይረክሳል፤ ቢያንስ ኮሎ፣ የዘይት ፖምፓና ቴስታታ መጠባበቂያ ይኖረናል። ግን ሦስት ነገር ሳይታይ ገንዘብ እንዳይወጣ። አንደኛ፣ ቀደምቶቹ ኮሎዎች የተቀመጡት በሦስት ዋና ብሮንዚና (ዘንጉ የሚሽከረከርበት ተሸካሚ) ላይ ነው፣ የኋለኞቹ በአምስት፤ አንዱ ለሌላው አይሆንም። ሁለተኛ፣ የእኛ 1618 ሲሲ ናት፣ ፒስተኗ 84 ሚሊ ሜትር፤ 1468 ሲሲ የሆነችው ታናሿ ግን 80 ናት። ከላይ ሲያዩዋቸው አይለያዩም። ሦስተኛ፣ ነጋዴው የፔጆ 504 ፒስተን «ያው ነው» ብሎ ሊያቀርብ ይችላል። የ1796 ሲሲው 504 ዲያሜትር በእርግጥ 84 ነው፤ ምቱ (ፒስተኑ የሚመላለስበት ርቀት) ግን 81 ሚሊ ሜትር ሲሆን የእኛ 73 ነው። ዲያሜትሩ ስለገጠመ ፒስተኑ ይገጥማል ማለት አይቻልም። ካሊፐር (የመለኪያ መሣሪያ) ሳይዝ ማንም አይሂድ።

አባል (መጋላ)
ሁላችሁም ስለ ታክሲ ታወራላችሁ። 404 እኮ የኢስት አፍሪካ ሳፋሪ ውድድርን በ1963 ያሸነፈች ናት፣ እነ ኒክ ኖዊኪና ፓዲ ክሊፍ የነዷት! በዚያ ዓመት እስከ መጨረሻው የደረሱት ሰባት መኪኖች ብቻ ነበሩ። ከዚያም በ1966፣ በ1967 እና በ1968 በተከታታይ አሸንፋለች (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ከተፈታች አይቀር እመቃው ከፍ ይበል፣ ባለ ሁለት ካርቡሬተር ትሁን።

ገንዘብ ያዥ (ሳቢያን)
የሳፋሪው ታሪክ ያኮራል፤ ክፍያውን ግን ፔጆ አልላከልንም። ሁለተኛው ካርቡሬተር ከ240 ሺህ ብር ውስጥ ቦታ የለውም።

የቀድሞ የምድር ባቡር መካኒክ (ለገሃሬ)
እኔ ገንዘቡን ትቼ ስለ ሙቀቱ ልናገር። ድሬዳዋ 1200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ደንገጎ ከ2000 ያልፋል። ካርቡሬተር ያለው ሞተር በየ1000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህል ያጣል፤ ሹፌሩም ያንን ለማካካስ ይረግጣል። በዚህ ሙቀት ላይ እመቃ ከጨመርን ሞተሩ ማንኳኳት ይጀምራል። በሳፋሪ ያሸነፈችውም በጥንካሬዋ እንጂ በፍጥነቷ ብቻ አልነበረም። በፋብሪካ ልኳ ትቆይ።

አባል፣ የኬሚስትሪ መምህርት (ከዚራ)
ስለ ውሃው ማንም አላነሣም። የድሬዳዋ ውሃ ጀበና ውስጥ ምን እንደሚተው ሁላችንም እናውቃለን፤ ያው ነጭ ቅርፊት ላይነሩ ዙሪያም ይጋገራል፣ ሙቀቱም ወደ ውሃው እንዳያልፍ ይከለክላል። ፒስተን ቀይረን ያንን ከብሎኩ ውስጥ ካልጠረግን ደንገጎ ላይ ዳግመኛ እናፈላለን። ራዲያተሩም ተከፍቶ ይጠረግ፤ ከውጭ በውሃ መምታት ብቻውን አይበቃም። ለማጽጃ አሲድ የሚያቀርብ ሰው ካለ ቴስታታው አሉሚኒየም መሆኑን ያስታውስ፤ አሲድ ይበላዋል። ከእድሳቱ በኋላ የተጣራ ውሃና የዝገት መከላከያ ብቻ ይግባ። ይህ በዕቅዱ የራሱ መስመር ይኑረው።

አባል (ገንደ ቆሬ)
የቶዮታውን ሐሳብ አንሥቻለሁ። ብሎኩን ማጠቡን ለእኔ ተውልኝ።

ገንዘብ ያዥ (ሳቢያን)
እንግዲህ ጣሪያዎቹ፦ ለምርመራና ለመፍታት 20 ሺህ፣ ለዕቃ 120 ሺህ፣ ለቶርኖ ቤት 40 ሺህ፣ ለራዲያተርና ለውሃ መስመር 20 ሺህ፣ ለመጠባበቂያ 40 ሺህ። ድምሩ 240 ነው። የምርመራው ውጤት በጽሑፍ ሳይቀርብ የዕቃው ገንዘብ አይለቀቅም። ኮሎው ተለክቶ ምን ያህል እንደሚሞረድ ሳይታወቅም ብሮንዚና አይገዛም፤ ብሮንዚናው የሚመረጠው ከተሞረደ በኋላ ባለው ልክ ነውና።

ሊቀመንበር (ከዚራ)
የተሻሻለው ረቂቅ እንዲህ ይነበባል፦

ማኅበሩ የ404 ሞተሯን በፋብሪካ ልኳ ያድሳል፤ የሞተር ለውጥ፣ የእሽቅድምድም ማሻሻያ፣ ቀለምና ኒኬል በዚህ ዕቅድ ውስጥ የሉም። መጀመሪያ እመቃና የዘይት ግፊት ተለክቶ ለአባላት ይቀርባል። ጥፋቱ ከቫልቭ ወይም ከጋስኬት ብቻ ሆኖ ከተገኘ ቴስታታው ብቻ ተነሥቶ ይሠራል፤ ቀሪው ገንዘብ በካዝና ይቆያል። ሞተሩ መውረድ ካለበት ላይነሮቹ እንደተባለው ታስረው ይፈታል፣ ብሎኩና ራዲያተሩ ይጠረጋሉ፣ ኮሎው ተለክቶ ወደ ቶርኖ ቤት ይሄዳል። የመለዋወጫ ሞተር ፍለጋውን የሐረር አባላት ይመራሉ፤ ግዢው የሚፈጸመው የኮሎው ዓይነትና የሲሊንደሩ ልክ ከተረጋገጠ በኋላ ነው። ከእድሳቱ በኋላ ቴስታታውና ቫልቮቹ እንደ መመሪያው ይፈተሻሉ፤ ዘይቱ በ500 ኪሎ ሜትር ይቀየራል፤ 1000 ኪሎ ሜትር ሳትሞላ ደንገጎን አትወጣም። የገንዘብ ጣሪያዎቹ ገንዘብ ያዣችን እንዳስቀመጡት ናቸው።

አባል (መጋላ)
ሁለት ካርቡሬተር ባይኖርም እደግፋለሁ። 1000 ኪሎ ሜትሩን የሚነዳው ማን ነው?

የቀድሞ የምድር ባቡር መካኒክ (ለገሃሬ)
አንተ አይደለህም።

አባል (ሐረር፣ ሸዋ በር)
በቀሪው እስማማለሁ፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ይጨመር። የምንገዛው ሞተር ሻጩ ግቢ ውስጥ ኮፓው ወርዶ ካልታየ ቀብድ አይሰጥም።

ገንዘብ ያዥ (ሳቢያን)
ይጨመር። ቀብዱም በደረሰኝ።

ሊቀመንበር (ከዚራ)
ሁለቱም ተጨምረዋል። ሰነዱ ለጠቅላላ ጉባኤ ተመርቷል።