«ይመጣል» ወይስ «ይመጣል»?

ጠያቂው፦ ሰላም ናችሁ? አንድ ትርጉም ላይ ነኝ፤ ይቺ ዓረፍተ ነገር አላራምድ ብላኛለች። «በካርቦን ናኖ ቱቦ የታሰረ ውሃ ታሕተ ቀይ ጨረርን ይመጣል።» (ናኖ ቱቦ እጅግ ቀጭን ቧንቧ ነው፤ ታሕተ ቀይ ደግሞ በዓይን የማይታየው ኢንፍራሬድ።) ጓደኛዬ አንብቦ «ውሃው የት ነው የሚመጣው?» አለኝ። እሱን ተዉትና፣ «የታሰረ» ልክ ነው? ገመድ እኮ የለም።

ፊደል ቆጣሪ፦ ጓደኛህ አላጠበቀም። «ጣ» ሲላላ ከ«መጣ»፣ ሲጠብቅ ከ«መጠጠ» ነው። መኪና ይነዳል፣ እሳት ይነዳል እንደምንለው። «ይመጥጣል» ብለህ ጻፍና ተገላገል።

ደብተራው፦ መምጠጥ የስፖንጅ ነው። ስፖንጅ ሲጨመቅ የመጠጠውን ይመልሳል። ጨረሩ ግን ሙቀት ሆኖ ይቀራል። «ይውጣል» በል።

ቤተ ሙከራ፦ መዋጥማ ያገኘውን ሁሉ ያስመስላል። ውሃ ይመርጣል። ኦክስጅንና ሃይድሮጅን የተያያዙበት ትስስር እንደ ሞላ ይርገበገባል፤ የሚወስደው ከእርግብግቢቱ ጋር የገጠመውን ጨረር ነው። በተራ ውሃ አንዱ ዋና ቦታ፣ በሞገድ ርዝመት፣ 2.9 ማይክሮሜትር አካባቢ ነው። ቱቦው ከ1 ናኖሜትር (የሚሊሜትር ሚሊዮንኛ) በታች ሲጠብ ሞለኪውሎቹ በአንድ ረድፍ ይሰለፋሉ። ያኔ አንደኛው ሃይድሮጅን የሚይዘው ጎረቤት ያጣል። የሚጎትተው ስለሌለ ፈጠን ብሎ ይርገበገባል፣ የሚወስደውም ጨረር ወደ 2.7 ይጠጋል።

ቅኔ ወዳድ፦ 2.7 ከቀይ ብርሃን 0.7 አይበልጥም እንዴ? ታዲያ ምኑ ነው «ታሕተ»? ላዕለ ቀይ መባል ነበረበት!

ደብተራው፦ ርዝመቱ ቢበልጥም፣ የሚያንሰው ድግግሞሹ (በሰከንድ የሚርገበገብበት ብዛት) ነው። ልጁ «ታሕተ»ን በሐመሩ ሐ ስለጻፈ ይመስገን። «የታሰረ» ያልከው ግን የወህኒ ቤት ነው። በግዕዝ ዐዘቅት ኅትምት (የታተመ ጉድጓድ) ሲባል አልሰማችሁም? «ኅቱም» በሉት።

ፊደል ቆጣሪ፦ የኔታ፣ ማተሚያ ቤት የገባ ውሃ ሊመስል! «ዕፁው» (የተዘጋ) ይሻላል።

ቤተ ሙከራ፦ ኧረ ቱቦው ጫፍና ጫፉ ክፍት ነው። እንዲያውም ውሃው ከተጠበቀው በላይ ፈጥኖ ያልፍበታል።

ቅኔ ወዳድ፦ ታስሮ የሚሮጥ! ይኼ ቅኔ ነው፣ አትንኩት።

ጠያቂው፦ እና «የታሰረ» ይቅር ወይስ ይሁን? ነገ ላስረክብ ነው።

ደብተራው፦ መጀመሪያ «ውሃ»ህን አስተካክል። ውኃ ነው፣ በብዙኃኑ ኀ።

ፊደል ቆጣሪ፦ ከ«ውሕዘ» (ፈሰሰ) ከመጣ ግን በሐመሩ ነው።

ቅኔ ወዳድ፦ «ከመጣ»ን አጥብቄ ላንብበው አላልቼ?